የበቀቀን ምንቃር ሲረዝም፦ መቁረጫ ከማንሳታችሁ በፊት የምትበላውን ተመልከቱ



ዛሬ ለየት ያለ ርዕስ ነው የያዝኩት። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ የማዳሜ በቀቀን ምንቃሯ እየረዘመ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ነው። ቀኑን ሙሉ የምትበላው ሱፍ ብቻ ነው። በጥፍር መቁረጫ ልቁረጥላት ወይ? ቤቷን የማጸዳውም እኔ ነኝ፤ ለእኔስ ጤና ችግር አለው?»

አስቀድሜ ግልጽ ላድርግ። እኔ የሰው ሐኪም ነኝ፤ ወፍ መርምሮ መድኃኒት ማዘዝ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ነገር ግን ጥያቄው እኛንም ይመለከታል። የምንቃሩ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የጉበትና የቪታሚን ጉዳይ ነው፤ ይህን በሰውም ላይ እናየዋለን። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ በቀጥታ የእኛ ነው፤ ምክንያቱም ከበቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፍ የሳንባ ኢንፌክሽን አለ። በዓረብ አገር ሆናችሁ የሰው ወፍ የምትንከባከቡም፣ እዚህ አገር ቤታችሁ ውስጥ የምታሳድጉም እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ለቸኮለ ሰው አጭሩ መልስ ይኸውና፦

- ምንቃሩን ቤት ውስጥ አትቁረጡ። ወፏን ልትገድሏት ትችላላችሁ።
- ምንቃር ያለልክ ማደጉ ራሱ በሽታው ሳይሆን ምልክቱ ሊሆን ይችላል። ጉበትና ምግብ ቀድመው ይጠረጠራሉ።
- ሱፍ ብቻ መመገብ ለበቀቀን በቂ ምግብ አይደለም።
- ቤቷን ስታጸዱ መጀመሪያ ውኃ አርከፍክፉ፣ ማስክ አድርጉ።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

ምንቃር ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ምንቃርን እንደ ድንጋይ ደረቅና ስሜት የሌለው ነገር አድርገን እናስባለን። እንደዚያ አይደለም። ውስጡ አጥንት ነው፤ በአጥንቱ ላይ የደም ሥርና ነርቭ ያለው ሕያው ክፍል አለ፤ ከላይ የሚሸፍነው ደግሞ ኬራቲን ነው። ኬራቲን የእኛ ጥፍርና ፀጉር የተሠራበት ነገር ነው። የእጃችን ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚያድገው ሁሉ፣ የበቀቀን ምንቃርም ዕድሜ ልኳን ያድጋል።

ታዲያ ለምን ዝም ብሎ አይረዝምም? ጤነኛ በቀቀን የላይኛውንና የታችኛውን ምንቃር እርስ በርስ ትፍቃለች፣ እንጨት ትሰባብራለች፣ ምንቃሯን እንደ ሦስተኛ እግር ተጠቅማ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ስለዚህ የሚያድገውና የሚያልቀው ይመጣጠናል። ስስ ቅርፊት አልፎ አልፎ መነሳቱም ጤነኛ ነው። ሊያሳስበን የሚገባው ይህ ሚዛን ሲፋለስ ነው።

ለምን ይረዝማል?

ዋና ዋና ምክንያቶቹ እነዚህ ናቸው፦

1. የጉበት በሽታ። በተለይ በጉበት ላይ ስብ መከማቸት፤ በሰው «ፋቲ ሊቨር» የምንለው ዓይነት ማለት ነው። ጉበት ሲታመም ኬራቲኑ በትክክል አይሠራም፤ ምንቃሩ ይረዝማል፣ ይለሰልሳል፣ ይሰነጣጠቃል። አንዳንዴ ምንቃሩና ጥፍሮቿ ላይ ጥቁር ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ ይታያል። ይህ ውስጥ ለውስጥ የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል።

2. የምግብ እጥረት። በተለይ የቪታሚን ኤ።

3. ጥቃቅን ተባይ። ባጀሪጋር በምትባለው ትንሽዋ የአውስትራሊያ በቀቀን ላይ የተለመደ ነው። በምንቃሯ ዙሪያና በእግሯ ላይ የማር ወለላ የመሰለ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነጭ ቅርፊት ይሠራል። መድኃኒት አለው፤ መጠኑ ግን በወፏ ክብደት የሚወሰን ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም ነው የሚያዝዘው።

4. የቀድሞ ጉዳት። ወድቃ ወይም ተመትታ ምንቃሯ ከተጣመመ የላይኛውና የታችኛው አይገጥሙም። ካልገጠሙ ደግሞ አይፋቁም።

5. ቫይረስ። የበቀቀኖችን ምንቃርና ላባ የሚያጠቃ ቫይረስ አለ። ላባዋ እየተበላሸ፣ እየረገፈና ምንቃሯ እየተሰበረ ይሄዳል። ሰውን አይዝም፤ ለሌሎች በቀቀኖች ግን በጣም ተላላፊ ነው።

6. የምታኝከው ነገር ማጣት። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህንን ነው። እውነት ነው፣ አስተዋጽኦ አለው። ግን እንጨት ስለሰጠናት ብቻ የታመመ ጉበት አይድንም።

ስለዚህ «ረዘመ፣ ልቁረጠው» ማለት፣ ትኩሳት ያለበትን ልጅ በቀዝቃዛ ውኃ አሽቶ ወባውን እንደ መርሳት ነው።

ሱፍ ብቻ ብትበላ ምን ችግር አለው?

«በቀቀን እኮ ዘር በሊታ ናት!» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ የራሳችንን አገር በቀቀን እንመልከት። ክንፈ ጥቁሯ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ቦታዎች ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥም ትታያለች። ይህች ወፍ ዘር ብቻ አይደለም የምትበላው። የጥድ ፍሬ፣ የሾላ ዓይነት ፍራፍሬና ሌላም ትለቅማለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምግቧን ፍለጋ ቀኑን ስትበር ትውላለች። በቤት ያለችው በቀቀን ግን አትበርም፤ ሱፉ ደግሞ አፏ ሥር ተደፍቶላታል።

*አንደኛ፣ ቅባት።* የተፈለፈለ ሱፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። ቅባት በገፍ፣ እንቅስቃሴ በጭላጭ። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ጥብስ ብቻ የሚበላ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ወፏም እንደዚያው ናት፤ ስቡ ጉበቷ ላይ ይከማቻል።

*ሁለተኛ፣ ቪታሚን ኤ።* ሱፍና ሌሎች ደረቅ ዘሮች በዚህ ቪታሚን በጣም ድሃ ናቸው። በሰው የቪታሚን ኤ እጥረት ዳፍንት ያመጣል፤ የዓይን ሽፋን ይደርቃል፤ ሕፃናት በኢንፌክሽን በቀላሉ ይጠቃሉ። በአገራችን ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የቪታሚን ኤ እንክብል የሚሰጠው ለዚህ ነው። በበቀቀንም የአፍ፣ የአፍንጫና የመተንፈሻ መስመር ሽፋን ይደነድናል፤ እጢዎች ይደፈናሉ፤ አፏ ውስጥ ነጭ ነጭ ነገር ይወጣል፤ አፍንጫዋ ይዘጋል፤ ታስነጥሳለች። በር የሌለው ቤት ሌባ እንደሚገባበት ሁሉ፣ ሽፋኑ የተበላሸ አፍና ሳንባ ጀርም ይገባበታል።

አደራ! የሕፃናቱን እንክብል ለወፍ እንዳትሰጡ። ከአንድ ዓመት በላይ ላለ ሕፃን የሚሰጠው እንክብል 200,000 ዩኒት ነው። ቪታሚን ኤ ደግሞ ጉበት ውስጥ የሚከማች ስለሆነ ሲበዛ መርዝ ይሆናል። ለወፏ ቪታሚን ኤ የምንሰጣት በካሮትና በጎመን ነው።

*ሦስተኛ፣ ካልሲየም።* ደረቅ ዘር ካልሲየሙ ትንሽ፣ ፎስፈረሱ ብዙ ነው። በዓረብ አገር «ካስኮ» የሚሏት ግራጫዋ የአፍሪካ በቀቀን በተለይ ለካልሲየም እጥረት ተጋላጭ ናት፤ ሲብስ እንደ ሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣታል። ካልሲየምን ለመጠቀም ቪታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ፀሐይ። እዚህ ላይ ለእናቶችም የሚጠቅም ነጥብ አለ፦ በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ ቪታሚን ዲ አይሠራም፤ ለዚያ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ሕፃኑም ወፏም ፀሐይ የሚያስፈልጋቸው ውጭ ወጥተው ነው። ወፏን ስታወጧት ቤቷ በደንብ ይዘጋ፣ ግማሹ ጥላ ይኑረው፣ የሚጠጣ ውኃም አይጥፋ። የባሕረ ሰላጤው የበጋ ቀትር ግን ይገድላታል፤ ጠዋት ብቻ።

ታዲያ ምን ትብላ?

የወፍ ሐኪሞች በብዛት የሚመክሩት ፔሌት የሚባለውን፣ ለበቀቀን ተመጣጥኖ የተጋገረ መኖ ነው፤ ከምግቧ 60 በመቶ አካባቢ ይህ ይሆናል። በዓረብ አገር በየሱቁ አለ። የቀረውን አትክልት ይይዘዋል፤ ዘርና ፍራፍሬ እንደ ማባያ በትንሹ ነው። የዶሮ መኖ ግን የፔሌት ምትክ አይደለም።

ከጓዳችን የሚሰጡ ነገሮች፦

- ካሮት፣ ዱባ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ሁሉ የቪታሚን ኤ ምንጭ ነው።
- የሐበሻ ጎመን፣ ብሮኮሊ። ቆስጣ አልፎ አልፎ፤ ካልሲየም እንዳይወሰድ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ስላለው በየቀኑ አይሁን።
- ቃሪያ። አዎ፣ የሚያቃጥለውም ቢሆን! ወፎች የቃሪያን ማቃጠል እንደ እኛ አይሰማቸውም።
- ያለ ጨው የተቀቀለ የስንዴ ንፍሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ። ጥሬ ባቄላና ቦሎቄ አይሰጥም፤ በደንብ መቀቀል አለበት።
- ትንሽ ፓፓያ ወይም ማንጎ።

ፔሌት ለማይገኝበት አካባቢ፣ ንፍሮ ከአትክልት ጋር ከሱፍ ብቻ እጅግ ይሻላል። ካልሲየምን በተመለከተ የእንስሳት ሐኪሙን አማክሩ። ያልበላችውን እርጥብ ምግብ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ አንሱት፤ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል።

በፍጹም የማይሰጡ

- አቮካዶ። ለእኛ ጤናማ ነው፤ ለወፍ ግን የልብ መርዝ ነው። «ጤናማ ፍራፍሬ ነው» ተብሎ በቅንነት ይሰጥና ወፏ ትሞታለች።
- ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሻይ፣ የአልኮል መጠጥ።
- ጨው የበዛበት ምግብ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት። ይህ ማለት ወጣችን ሁሉ፣ ሽሮውም ጭምር።
- የሻገተ ለውዝ ወይም እህል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል የጉበት መርዝ ያመርታል። ይህኛው ለእናንተም አይሆንም!

ከምግብ ውጭ አንድ ነገር ልጨምር። የማይዝ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። የወፍ የአተነፋፈስ ሥርዓት ከእኛ የተለየ ነው፤ አየር ውስጥ ያለውን መርዝ ፈጥኖ ይወስዳል። ስለዚህ ወጥ ቤት ውስጥ አታስቀምጧት። ቡና ስታፈሉም ከሰልና ዕጣን ካለበት ክፍል አርቋት።

አመጋገቧን እንዴት እንቀይር?

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ዛሬውኑ ሱፉን እንዳትደፉት! ሱፍ ብቻ የለመደች ወፍ አዲሱን ምግብ እንደ ምግብ ላታውቀው ትችላለች። ፊቷ ሙሉ ሰሃን ቀርቦ በረሃብ ልትሞት ትችላለች። በተለይ ጉበቷ የታመመ ከሆነ ድንገተኛ ጾም ያባብስባታል።

- በየጥቂት ቀኑ ከሱፉ ትንሽ ቀንሱ፣ ከአዲሱ ትንሽ ጨምሩ። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል።
- አዲሱን ምግብ ጠዋት፣ በምትራብበት ሰዓት ስጧት። ፊቷ እናንተ ብሉት፤ ሰው ሲበላ ካየች መቅመስ ትፈልጋለች።
- በግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ካለ በየጠዋቱ መዝኗትና ጻፉት። ባጀሪጋር ከ30 እስከ 40 ግራም፣ ካስኮ ከ400 እስከ 500 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ከክብደቷ 10 በመቶ ከቀነሰች ለውጡን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ውሰዷት።
- ኩሷን ተመልከቱ። በጣም ካነሰ አልበላችም ማለት ነው። የሱፍ ገለባ ሰሃኑን ሞልቶት «በልታለች» ብላችሁ እንዳትታለሉ።

ለምን ቤት ውስጥ አይቆረጥም?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን። የወፍ ደም ከክብደቷ 10 በመቶ ገደማ ነው። 35 ግራም የምትመዝን ባጀሪጋር አጠቃላይ ደሟ 3.5 ሚሊ ሊትር ያህል ነው ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አስቡት፤ ያላት ደም በሙሉ የሻይ ማንኪያ አይሞላም! ከምንቃሩ ውስጥ ያለው የደም ሥር ከተቆረጠ ጥቂት ጠብታ ለእሷ ብዙ ነው።

የሚያሳስበው ደግሞ ይህ ብቻ አይደለም። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ንጥረ ነገሮች የሚሠራው ጉበት ነው። ምንቃሩን ያስረዘመው የጉበት በሽታ ከሆነ፣ የዚያች ወፍ ደም ቶሎ አይቆምም። ማለትም መቁረጥ በጣም የሚያጓጓን ወፍ፣ መቆረጥ በጣም የሚጎዳት ወፍ ልትሆን ትችላለች። በዚያ ላይ ነርቭ ስላለው ያማታል፤ መቁረጫው ምንቃሩን እስከ ላይ ሊሰነጥቀው ይችላል። ስትይዟት ደረቷን ከጨመቃችሁትም መተንፈስ አትችልም። የእንስሳት ሐኪም ግን በመሞረጃ ቀስ እያለ ነው የሚሞርደው፤ መጀመሪያም ጉበቷን ይመረምራል።

ሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶቼ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ወፏ ብትሞት «አንቺ ነሽ የቆረጥሽው» መባል ይመጣል። ማዳም «ቁረጪው» ብትልሽ እንኳ «ደም ይፈሳታል፣ ሐኪም ነው የሚያደርገው» በያት። ምንቃሩን በየሳምንቱ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ። ለውጡን በፎቶ ማሳየት ከብዙ ክርክር ያድንሻል፤ ለሐኪሙም ይጠቅመዋል።

በአጋጣሚ ምንቃሯ ወይም ጥፍሯ ደምቶ ከሆነ፦ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ጋዝ ለጥቂት ደቂቃ ያዙት። ጫፉ ላይ የበቆሎ ስታርች ወይም ዱቄት መጫን ይረዳል። ከዚያ ጸጥ ባለ፣ ጨለም ባለና ሞቃት ቦታ አድርጋችሁ ወደ ሐኪም ውሰዷት። የሰው ማስታገሻ ግን አትስጧት፤ ፓራሲታሞልም ቢሆን።

ሳይዘገይ ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ወፎች በሽታቸውን ይደብቃሉ፤ በዱር ደካማ መስሎ መታየት ለአዳኝ ያጋልጣልና። ስለዚህ መታመሟ በግልጽ ከታየ ብዙ ጊዜ ቆይቷል ማለት ነው። እነዚህን ካያችሁ አትጠብቁ፦

- ላባዋን ነፍታ ወለል ላይ መቀመጥ
- አፏን ከፍታ መተንፈስ፣ ስትተነፍስ ጭራዋ ከፍ ዝቅ ማለት
- መብላት ማቆም
- የማይቆም ደም፣ የተሰበረ ምንቃር
- መንቀጥቀጥ
- የኩሷ ነጭ ክፍል ወደ አረንጓዴ ወይም ቢጫ መቀየር

አገር ቤት ላላችሁ፣ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የታወቀ ማዕከል ነው። በአካባቢያችሁ ያለ የእንስሳት ክሊኒክም ይረዳችኋል፤ ወፍ ያያሉ ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ።

የእናንተስ ጤና? ስለ በቀቀን ትኩሳት

ሲታኮሲስ ወይም የበቀቀን ትኩሳት የሚባል በሽታ አለ። የሚያመጣው ክላሚዲያ ሲታሲ የተባለ ባክቴሪያ ነው። (በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ክላሚዲያ የዚህ ዘመድ ነው፤ ግን ሌላ ነው። አትደንግጡ።) በ1929 እና 1930 እ.ኤ.አ. ከደቡብ አሜሪካ ተጭነው በተሸጡ በቀቀኖች ምክንያት በአውሮፓና በአሜሪካ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞቶበታል። ያኔ አንቲባዮቲክ አልነበረም። ዛሬ በሽታው ብዙም አይበዛም፣ በመድኃኒትም ይድናል፤ ችግሩ ካልተጠረጠረ መታለፉ ነው።

የሚተላለፈው በአብዛኛው የደረቀ ኩስና የላባ ብናኝ ወደ ውስጥ ሲተነፈስ ነው። ጤነኛ የምትመስል ወፍም ልትይዘው ትችላለች። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 14 ቀን በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመምና ደረቅ ሳል ይጀምራል። ጉንፋን ወይም ታይፎይድ መስሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ወደ ሳንባ ምች ሲሄድ ግን አደገኛ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

- የወፏን ቤት በደረቁ አትጥረጉ። ውኃ አርከፍክፋችሁ በእርጥብ ወረቀት አንሡት።
- ማስክና ጓንት አድርጉ፤ ከጨረሳችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
- ከአፋችሁ አታጉርሷት፣ ምንቃሯን አትሳሙ። የእኛ አፍ ጀርምም ለእሷ ጥሩ አይደለም።
- ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ጽዳቱን ሌላ ሰው ቢሠራው ይመረጣል።
- ትኩሳትና ሳል ይዟችሁ ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ቤቴ ወፍ አለ» ወይም «ወፍ አጸዳለሁ» ብላችሁ ተናገሩ። ሐኪሙ ካልነገራችሁት አይጠረጥርም። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚታዘዝላችሁን መድኃኒት ሊቀይረው ይችላል፤ የተለመዱ አንዳንድ አንቲባዮቲኮች ለዚህ ባክቴሪያ በደንብ አይሠሩምና። ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ ግን አትዋጡ።

በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች

*የዱር በቀቀን ይዤ ባሳድግስ?*
አይሆንም። የዱር ወፍ ተይዛ በጭንቀት ልትሞት ትችላለች፤ ለእናንተም የበሽታ ምንጭ ናት። ግራጫዋ በቀቀን በዚህ ንግድ በጣም ስለተመናመነች ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዱሮቹ ዓለም አቀፍ ንግድ ታግዷል።

*ፋቲ ሊቨር ያለባት ወፍ ትድናለች?*
በጊዜ ከተደረሰባትና አመጋገቧ በሐኪም ክትትል ከተስተካከለ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ጉበት ራሱን የመጠገን አቅም ያለው አካል ነው፤ በሰውም በወፍም።

*ምንቃሩ በራሱ ይስተካከላል?*
ቀድሞ የረዘመው በሐኪም መሞረድ ሊያስፈልገው ይችላል። አዲስ የሚያድገው ግን ምግቧ ሲስተካከል የተሻለ ጥራት ይኖረዋል። ጥፍር ከሥር እንደሚታደሰው ነው፤ ወራት ይፈልጋል።

እንግዲህ የዛሬው ይኸው ነው። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ፣ ነገ ጠዋት ከሱፉ አጠገብ የተፈቀፈቀ ካሮት አስቀምጡላት፤ የምታጸዱትንም በእርጥቡ አጽዱ። ወፍ የሚንከባከብ የምታውቁት ሰው ካለ፣ በተለይ በዓረብ አገር ላሉ እህቶቻችን አጋሩላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።

ጤናችሁ ይብዛ!